የአሮጌ ጀልባን ውስጥ በገዛ እጅ ማደስ፦ መዶሻው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን እንፈልግ

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁም ትሰሙኛላችሁ አይደል? ጥሩ።

ዛሬ ማወራው ስለ አሮጌ ጀልባ የውስጥ እድሳት ነው፣ ያውም ከፍሎ ስለማሰራት ሳይሆን በገዛ እጅ ስለመስራት። አሮጌ ስል በተለይ የፋይበርግላስ ጀልባ፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሰራውን ማለቴ ነው፣ እሱ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ለምሳሌ ካርል አልበርግ የነደፈው ፒርሰን ትራይተን የሚባለው 28 ጫማ ገደማ ባለሸራ ጀልባ በ1959 ኒውዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀርቦ ነበር፣ ዛሬም ድረስ ውሃ ላይ ያሉ አሉ። ያኔ እቃው አዲስ ስለነበር ብዙ ሰሪዎች ቀፎውን፣ የጀልባውን የውጪ አካል፣ ወፈር አድርገው ነው የሰሩት፣ ስለዚህ ከነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ ውጫቸው ደህና ሆኖ ውስጣቸው ነው ያለቀው። እንጨቱ፣ ስፖንጁ፣ ሽቦው፣ ኮርኒሱ። ለዛም ነው እንደኛ አይነቱ ሰው በርካሽ ገዝቶ "ውስጡን ብቻ አድሰዋለሁ" ሚለው።

አሁን ምከራከርበትን ነገር ልንገራችሁ፣ ባትስማሙም ችግር የለም። ጀልባ የገዛ ሰው የመጀመሪያዋ የእረፍት ቀን ላይ ምን ያደርጋል? መዶሻና መጋዝ ይዞ ይገባል። ኮርኒሱን ይገነጥላል፣ የሸተተውን ፍራሽ ይወረውራል፣ ቁምሳጥኑን ይነቅላል፣ ሲመሽ ውጪ የቆሻሻ ክምር፣ ውስጥ ባዶ ቀፎ፣ ሰውየውም ደስ ብሎታል ምክንያቱም ማፍረስ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ያ ጀልባ ቆየት ብሎ በዛው ሁኔታው ለሽያጭ ይወጣል፣ ማስታወቂያው ላይም "እድሳቱ የተጀመረ" ተብሎ ይጻፋል። እኔ እስካየሁት ድረስ እድሳትን ሚገድለው ከገንዘብ እጦት በላይ ይሄ የመጀመሪያ ሳምንት ሞቅታ ነው። ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ወደ አንድ ነገር ነው ሚሄደው፦ በተቻለ መጠን ትንሽ አፍርሱ፣ ውሃውን ተከተሉ፣ ምትሰሩት ነገር ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ሚፈታ ይሁን።

ለምን ትንሽ አፍርሱ እንዳልኩ ላብራራ። ጀልባ ውስጥ የቤት እቃ ሚመስለው ነገር ሁሉ የቤት እቃ አይደለም። አቋራጭ ግድግዳዎቹ፣ የመኝታው የፊት ጣውላ፣ አንዳንዴ መደርደሪያው ሳይቀር በፋይበርግላስ ጥብጣብ ከቀፎው ጋር ተያይዘው ቀፎው ቅርጹን እንዲይዝ ያደርጋሉ። ከውሃ ወጥቶ ድጋፍ ላይ የቆመ ጀልባ ክብደቱ ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው ያረፈው፣ እና ውስጡን ባንዴ ካወጣችሁት ቀፎው በትንሹም ቢሆን ሊጎብጥ ይችላል፣ ከዛ እናንተ አዲሱን ግድግዳ በጎበጠው ልክ ቆርጣችሁ ለዘላለም ትለጥፉታላችሁ ማለት ነው። ግድግዳ መውጣት ካለበት ተራ በተራ ነው፣ አንዱን አውጥታችሁ፣ ተክታችሁ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። ምሰሶው ዴክ፣ ማለትም የጀልባው የላይኛው ወለል፣ ላይ ሚያርፍ ባለሸራ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ከስሩ ያለው ግድግዳ ወይም ድጋፍ የምሰሶውን ሙሉ ጫና ነው ሚሸከመው፣ ምሰሶውን ሳታወርዱ እሱን እንዳትነኩት።

ሌላው ሰው ማያስበው ነገር፣ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የእንጨት ስራው ሚገባው ዴኩ ከመከደኑ በፊት ነው። ከላይ ክፍት ሆኖ በክሬን ወይም በሰው ሸክም ዘፍ ብሎ የገባ እቃ ነው እናንተ አሁን በጠባቧ መግቢያ ልታወጡት ምትታገሉት። ያው ወጣ እንበል፣ በመጋዝ ቆራርጣችሁት ወጣ፣ አዲሱስ በየት ይገባል? ሙሉ የፕላይውድ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፣ መግቢያችሁ 60 ሴንቲ ከሆነ አስቡት። ስለዚህ ምንም እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት መግቢያውን ለኩ፣ ትልቁን ግድግዳም ለሁለት ከፍላችሁ ውስጥ ላይ ምታጋጥሙበትን መስመር አስቀድማችሁ አስቡ፣ ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው በር ክፍተት ላይ ወይም ቁምሳጥን ጀርባ ላይ ሊደበቅ ይችላል።

ደግሞ የበሰበሰም ቢሆን አሮጌው እንጨት ካርታችሁ ነው። ጀልባ ውስጥ ቀጥ ያለ ግድግዳ የለም፣ ዘጠና ዲግሪ ማእዘን የለም፣ የበሰበሰች ግማሽ ጣውላ እንኳን የቀፎውን ኩርባ ትነግራችኋለች። ስለዚህ አትጣሉ። ፎቶ አንሱ፣ ከምታስቡት በላይ አንሱ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ "ግራ፣ የፊት፣ ይሄ ወደ ላይ" ብላችሁ ጻፉ፣ ብሎንና ቪቴውን በየቦታው ለይታችሁ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከወጣበት እቃ ጋር እሰሩት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ይውጣ ካላችሁኝ፣ ለስላሳው ነገር በሙሉ። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የተረሳ ልብስ፣ በየሳጥኑ ያለ ኮተት። ከዛ ወለሉን አንሱና ከስሩ ያለውን ጉድጓድ፣ ቢልጅ ሚባለውን፣ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። የአቋራጭ ግድግዳዎቹና የወለል ተሸካሚዎቹ ግርጌ ላይ ውሃ ወደ ፓምፑ እንዲሄድ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ በቆሻሻ ስለሚደፈኑ ውሃው ከኋላቸው ይተኛል፣ እዛ የተኛው ውሃ ነው ግድግዳውን ከታች ሚበላው። በሽቦ ክፈቷቸው። ይሄ ነጻ ስራ ነው ግን ብዙ ነገር ያድናል።

አሁን ወደ ውሃው።

ብዙ ሰው ጀልባን ሚያበሰብሰው ባህሩ ይመስለዋል። የባህር ውሃ ብረትንና ኤሌክትሪክን ይበላል እንጂ ጨው እንጨት አበስባሹን ፈንገስ አይመቸውም፣ እንጨቱን ሚጨርሰው ከላይ ሚገባው ዝናብ ነው። ፈንገሱ እንዲያድግ እንጨቱ ርጥብ መሆን አለበት፣ እርጥበቱ ከ20 ፐርሰንት በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም ተብሎ ነው ሚሰራው፣ ለዚህ ትንሿ የእርጥበት መለኪያ መግዛት ተገቢ ወጪ ነው። ዝናቡ ሚገባው ደግሞ ዴኩ ላይ ብሎን በገባበት ቦታ ሁሉ ነው፦ የእጅ መደገፊያው እግሮች፣ መስኮቶች፣ የጣሪያ መክፈቻው፣ የምሰሶው ሽቦዎች ሚታሰሩባቸው ብረቶች፣ ገመድ ማሰሪያዎቹ። የዴኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳንድዊች ነው፣ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ የባልሳ እንጨት ወይም ፕላይውድ፣ እና በአንዷ ብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ መሃሉን እያበሰበሰ ይሰፋል፣ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ምታዩት ግን አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ቫርኒሹ ላይ የወጣች ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ማለት ምፈልገው፣ ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ የቀዳዳው ቦታ አይደለም።

እንዴት ይገኛል? መጀመሪያ በጆሮ። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ወይም በካቻቪቴ እጀታ ዴኩን ቀስ እያላችሁ ኳ ኳ አድርጉ፣ ደህናው ጥርት ያለ ድምጽ አለው፣ የበሰበሰው ወይም የተላቀቀው ድፍን ያለ የሞተ ድምጽ ነው ሚያወጣው፣ ልዩነቱን ለማወቅ ጆሮ እንጂ ትምህርት አያስፈልግም። ጥርጣሬ ያለበትን በቀለም ቴፕ ከበቡት። ከዛ የውሃ ጎማ፣ አንድ ሰው ውጪ አንድ ሰው ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ ነው ሚኬደው፣ ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳፈሰሰ አታውቁትም። አንድ ቦታ ላይ በትእግስት ደቂቃዎች ቆዩ። ሌላ ደስ ሚል ዘዴ ደግሞ አለ፣ ቅጠል መንፊያ ማሽን መግቢያው ላይ በካርቶንና በቴፕ ታሽጎ አየር ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ሌላው አየር ማስወጫ በሙሉ ይዘጋል፣ ከውጪ የሳሙና ውሃ ይረጫል፣ አረፋ ሚሰራበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። ጎረቤቶቻችሁ ያብዳሉ በጩኸቱ፣ ግን ይሰራል።

ከተገኘ በኋላ ከላይ ሲሊኮን መቀባት ጥገና አይደለም። ሲሊኮን በተለይ ጠላቴ ነው፣ ትራፊው ላይ ቀለምም ቫርኒሽም ሌላ ማሸጊያም አይዝም፣ ማስለቀቁ ደግሞ ጣጣ ነው። እቃውን መንቀል ነው ያለባችሁ። ብሎኑን ታወጣላችሁ፣ ቀዳዳውን በትልቅ ፑንታ ታሰፉታላችሁ፣ ዙሪያውን ያለውን የረጠበ እንጨት ትጭራላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ በወፈረ ኢፖክሲ (ከማድረቂያው ጋር ሲደባለቅ ሚጠነክር ሙጫ) ትሞላላችሁ፣ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ትበሳላችሁ። እንዲህ ከሆነ ወደፊት ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳን ውሃው ሚያገኘው ኢፖክሲ ነው፣ የዴኩ እንጨት ጋር አይደርስም። ማሸጊያውን በተመለከተ ለብረት እቃ እኔ ቡታይል ቴፕ፣ ሊጥ መሳይ ተለጣፊ ማሸጊያ፣ ነው ምመርጠው፣ አይደርቅም፣ ስትፈልጉ ይፈታል። ፖሊዩሪቴን ከሚባሉት ማሸጊያዎች ውስጥ በጣም ጠንካራዎቹ ሙጫ ናቸው፣ አንዴ ካሰራችሁበት እቃውን ስታነሱ የዴኩን ቆዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የፕላስቲክ መስኮት ላይ ደግሞ ፖሊሰልፋይድ ሚባለውን ማሸጊያ አታድርጉ፣ መስኮቱ ሚሰራባቸውን ፕላስቲኮች፣ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔትን፣ ይጎዳል። ስታጠብቁ ኖቱን ከውስጥ አዙሩ፣ ብሎኑን ከላይ በካቻቪቴ ሌላ ሰው አጥብቆ ይያዘው፣ ብሎኑ ከዞረ ዙሪያውን ያለው ማሸጊያ ይላቀቃል።

ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ውስጥ አንድ ብሩሽ ቫርኒሽ አይነካም። ሁለት ሶስት ከባድ ዝናብ አልፎ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው ወደ ውስጥ ምንገባው።

የበሰበሰ ግድግዳ ካለ (በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ በተለይ ከታች፣ ያለ ችግር ከገባ አልቆለታል) ሁልጊዜ ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም። የታችኛውን ክፍል እስከ ደህናው ድረስ፣ ከዛም ትንሽ ወደ ደህናው ገባ ብላችሁ ቆርጣችሁ አዲስ ቁራጭ መግጠም ይቻላል፣ መጋጠሚያው ግን ግንባር ለግንባር ብቻ ተጣብቆ አይሆንም፣ ጫፎቹ በሰያፍ ተላግተው ይደራረባሉ ወይም ከኋላ ደጋፊ ጣውላ ይለጠፋል። የባህር ፕላይውድ ግዙ፣ ቢኤስ 1088 ሚል ደረጃ ያለው፣ ልዩነቱ ሙጫው ውሃ መቋቋሙ ብቻ አይደለም፣ ውስጥ ያሉት ንብብሮች መሃል የተደበቀ ክፍተት የለም። ባለ 12 ሚሊ የኦኩሜ (ቀለል ያለ የእንጨት አይነት) ሉህ ወደ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ይሄን ምነግራችሁ ለጀርባችሁ ብቻ አይደለም፣ ጀልባ ሚዛን አለው፣ አንዱ ጎን ላይ በወፍራም እንጨት የተሰራ ቁምሳጥን ከጨመራችሁ ውሃ ላይ ሲገባ አጋድሎ ታገኙታላችሁ።

አዲሱ ግድግዳ ቀፎውን መንካት የለበትም። ትንሽ ክፍተት ትታችሁ ወይም ስስ የፎም ጥብጣብ አስገብታችሁ፣ ማእዘኑን በወፈረ ኢፖክሲ ክብ አድርጋችሁ ሞልታችሁ፣ በላዩ ላይ የፋይበርግላስ ጥብጣብ በንብብር ታስሩታላችሁ፣ እያንዳንዱ ንብብር ከስሩ ካለው ሰፋ እያለ። የእንጨቱ ጠርዝ ቀፎውን ከነካ እዛ ቦታ ላይ ጫናው ይሰበሰባል፣ ከውጪ እንደ መስመር ሆኖ ሊታይ ሁላ ይችላል። የድሮው ቀፎ የተሰራበት ሙጫ ፖሊስተር ሚባለው ነው፣ ኢፖክሲ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ተቃራኒው ግን፣ ፖሊስተር የደረቀ ኢፖክሲ ላይ፣ አያስተማምንም፣ ስለዚህ በኢፖክሲ ከጀመራችሁ በኢፖክሲ ጨርሱ። መለጠፍ የፈለጋችሁትን ቦታ ቀለሙን አውጥታችሁ ሻካራ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ቀለም ላይ የተለጠፈ ጥብጣብ ቀለሙን ነው የያዘው እንጂ ጀልባውን አልያዘም። ኢፖክሲ ሲደርቅ አንዳንዱ ላይ ሰም መሳይ ሙልጭልጭ ነገር ይወጣዋል፣ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ታጥቦ ይለቃል፣ ሳታጥቡት በብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁት ግን መልሳችሁ ውስጡ ነው ምትቀብሩት። ሬሾውን ደግሞ በግምት አትደባልቁ፣ "ማድረቂያ ጨመር ባደርግ ቶሎ ይደርቃል" ሚል ሰው አለ፣ አይሆንም፣ ያልተመጣጠነው ተርፎ ለስላሳ ይሆናል። በትልቅ ኩባያ ብዙ ደባልቃችሁ ከቆማችሁም ይግላል፣ ሊጨስ ሁላ ይችላል፣ ጠፍጣፋ እቃ ላይ አድርጉት።

ስለ ጤና ትንሽ ልበል፣ ብዙ አልልም ግን ይሄን አትዝለሉት። ጀልባ ውስጥ ስትሰሩ ጠርሙስ ውስጥ ናችሁ። አሴቶን፣ ቲነር፣ ማስቲሽ፣ ጭሳቸው ከአየር ስለሚከብድ ወደታች ይወርዳል፣ እናንተ ደግሞ ተንበርክካችሁ ታች ናችሁ፣ ስለዚህ አየር ሚያስወጣ ፋን ከታች ሳብ ሚያደርግ ይኑር፣ አጠገቡ ብልጭታ ሚያወጣ ነገር አይኑር። የወረቀት ማስክ ለአቧራ እንኳን በቅጡ አይረዳም፣ ለኬሚካል ሽታ ጭራሽ፣ ባለ ካርትሪጅ ማስክ ያስፈልጋል፣ የአቧራውና የኬሚካሉ ፊልተር የተለያዩ ናቸው። አሮጌ ቀለም እርሳስ፣ መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው፣ ሊኖርበት ይችላል፣ ከመፋቃችሁ በፊት በመሞከሪያ ፈትሹት። የድሮ ሞተር የጭስ ማውጫ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ መሳይ ነገር ካያችሁ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ ሚጎዳ ማዕድን፣ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፣ ለሚመለከተው ባለሙያ ተዉት። ኢፖክሲ በጓንት ነው፣ ቆዳ አንዴ አለርጂ ካደረገበት ብዙ ጊዜ አይመለስም። በዘይት የራሰ ጨርቅ፣ ሊንሲድ (የተልባ ዘይት) እና የመሳሰለው፣ ተጨማዶ ክምር ውስጥ ሲጣል በራሱ ይግልና ሊነድ ይችላል፣ ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አሁን ወደምወደው ክፍል፣ አብነት ማውጣት። ኩርባ ላይ ሚገጥም ጣውላ በሜትር ተለክቶ አይቆረጥም፣ ማይሆን ነገር ነው። ቀጫጭን የእንጨት ጥብጣቦችና ትኩስ ሙጫ የሚተፋ ሽጉጥ ያዙ። ጣውላው ሚቆምበት ቦታ ላይ ጥብጣቦቹን አንዱን ካንዱ እያጣበቃችሁ ሻካራ ፍሬም ትሰራላችሁ፣ ከቀፎው ጋር በግምት ሁለት ሶስት ሴንቲ እየራቀ፣ ከዛ አጫጭር ጥብጣቦች እያንዳንዳቸው ጫፋቸው ቀፎውን እንዲነካ አድርጋችሁ ፍሬሙ ላይ ታጣብቃላችሁ፣ ኩርባው ጠንከር ባለበት ቦታ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ። ሲያልቅ ጃርት ይመስላል። ቀስ ብላችሁ ታወጡትና ፕላይውዱ ላይ አስተኝታችሁ የየጫፉን ነጥብ ምልክት አድርጋችሁ ነጥቦቹን በሚተጣጠፍ ቀጭን ጣውላ ታገናኛላችሁ። በመጀመሪያው ቁርጥ ላይ ትንሽ አትርፉ፣ ቦታው ላይ አቁማችሁ በኮምፓስ አንዱን እግር ቀፎው ላይ እያስኬዳችሁ ሌላኛው እርሳስ ትርፉን እንጨቱ ላይ ይስልላችኋል፣ እሱን በመላጊያ ማውረድ ነው። ውሃ ልክ እንዳትጠቀሙ፣ ማለቴ ጀልባው ራሱ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ውሃ ልክ ይዋሻል፣ ውሃ ላይ ያለ ጀልባ ደግሞ እናንተ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ካሉት ግድግዳዎችና ከወለሉ ነው ሚለካው።

ደህና የሆነውን አሮጌ እንጨት ማዳን ላይ ደግሞ፣ ጥቁር የውሃ ነጠብጣብ ኦክሳሊክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ ስትቀቡት በደንብ ይነጣል፣ ብረትና እርጥበት አብረው ያመጡትን ጥቁረት ማለቴ ነው፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ በኋላም በብዙ ውሃ እጠቡት። ማሽን ሳንደር ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ላዩ ላይ ያለው የቲክ ወይም የማሆጋኒ እንጨት ስስ ልባጭ፣ ቬኒየር ሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ በታች ነው፣ ትንሽ ዘንጋ ካላችሁ ወደታችኛው ንብብር ትገባላችሁ፣ መመለሻ የለውም። አሮጌውን ቫርኒሽ በሙቀት መንፊያና በመፋቂያ አውጡ፣ ሳንደሩ ለመጨረሻ ይሁን። ቫርኒሽ ስትቀቡ የመጀመሪያውን ቀጠን አድርጉት እንጨቱ ውስጥ እንዲገባ፣ ከዛ በየመሃሉ በስስ ወረቀት እያሻችሁ ደራርቡ፣ የመጨረሻው ከፊል አብረቅራቂ ቢሆን ውስጥ ለውስጥ አይን አያደክምም። ቲክ ዘይታም እንጨት ስለሆነ ሙጫ ከመቀባታችሁ በፊት ላዩን በአሴቶን ጥረጉት።

እዚህ ላይ "ሚፈታ ይሁን" ያልኩት ነገር ይመጣል። የቪቴ ጭንቅላት ሚደፍኑት ትንንሽ የእንጨት ውታፎች በሙጫ አይለጠፉም፣ በቫርኒሽ ነው ሚነከሩት፣ የእንጨቱን መስመር ካካባቢው ጋር አስተካክላችሁ። ከዓመታት በኋላ ከስሩ ያለውን ቱቦ ማየት ያለበት ሰው ውታፉን በመሮ ፈልፍሎ ቪቴውን ይፈታል፣ በሙጫ ከሆነ ግን ጣውላውን ይሰብረዋል። ወለሉም እንደዚሁ፣ ሁሉም ጣውላ መነሳት አለበት፣ ዙሪያውን ሁለት ሶስት ሚሊ ክፍተት ተዉለት፣ ምክንያቱም ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፣ ያበጠ ወለል ደግሞ ውሃ ሚገባበትን ቦታ ማየት በፈለጋችሁባት ሰዓት ነው አልነሳም ሚለው። ጠርዞቹን በሙሉ በኢፖክሲ አሽጓቸው፣ ፕላይውድ ውሃ ሚጠጣው በጠርዙ ነው።

ኮርኒሱ። የነዚህ ጀልባዎች ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ከኋላው ስስ ስፖንጅ የተለጠፈበት ቪኒል ነው፣ ስፖንጁ ሲያረጅ ወደ ዱቄት ይለወጥና ቪኒሉ ይንጠለጠላል። እንደገና ማስቲሽ ቀብቶ መለጠፍ አይሰራም፣ ሙጫው ሚይዘው ዱቄቱን ነው። የኔ ምርጫ ሶስት ወይም አራት ሚሊ ቀጭን ፕላይውድ በጨርቅ ወይም በቪኒል ለብጦ በትንንሽ ፓነሎች መስራት ነው፣ ጠርዛቸውን ጣውላ ይይዛቸዋል፣ ከኋላ ስስ የማይመጥ ፎም ብታደርጉ ቅዝቃዜ ሲሆን ላቦት ይቀንሳል። ዋናው ጥቅሙ ግን እያንዳንዱ ፓነል በራሱ ይወርዳል፣ ከላዩ ያለውን የዴክ ብሎን ኖት ለማጥበቅ ሙሉ ኮርኒስ አትገነጥሉም። ቀለሙ ነጭ ይሁን። ነጭ ግድግዳና ጣሪያ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቫርኒሽ እንጨት፣ በጀልባ ነዳፊው ስም ሄርሾፍ ስታይል ሚሉት፣ ጠባብ ቦታን ያሰፋል፣ ስራውንም በግማሽ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክን በፍጥነት ላልፍ ነው፣ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ። ግድግዳና ኮርኒሱ ክፍት ሆኖ እያለ አዲስ መስመር ዘርጉ፣ ክሮቹ በስስ ቲን (ቆርቆሮ ሚባለው ብረት) የተለበጡ ባለብዙ ክር የመዳብ ገመድ፣ በየጫፉ ስም የተጻፈበት፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው። ባለአንድ ክር የቤት ሽቦ በእንቅስቃሴ ይሰበራል፣ አታስገቡት። ጋዝ ደግሞ፣ የምድጃውን ማለቴ ነው፣ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈሰሰ ቢልጅ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል፣ እሱን ፈቃድ ያለው ሰው ይስራው፣ በገዛ እጅ የሚባለው ነገር እዛ ጋ ያበቃል። ከቀፎው ጋር የተያያዙትን ቫልቮችም ውስጡ ክፍት እያለ ፈትሹ፣ ማይዞር ቫልቭ ቫልቭ አይደለም፣ መዳረሻቸውን ደግሞ በአዲስ ቁምሳጥን እንዳትዘጉት።

ፍራሹን መጨረሻ ላይ አስደርጉ። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ውፍረት ለመኝታም ለመቀመጫም ይበቃል፣ ስፖንጁ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ከስሩ ያለው ጣውላ ድፍን ከሆነ ብሱት ወይም በርብራብ ተኩት፣ የሰው ሙቀት ከላይ ቅዝቃዜ ከታች ሲሆን ስሩ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ሻጋታው ከዛ ነው ሚመጣው። የቁምሳጥን በሮችም አየር ማሳለፊያ ይኑራቸው።

እሺ፣ ጥያቄ... አዎ፣ እዛ ጋ እህታችን።

(ጥያቄው፦ "ጀልባችን የእንጨት ነው እንጂ ፋይበርግላስ አይደለም፣ ያልከው ሁሉ ይሰራል ወይ?")

ግማሹ። ውሃ ማሳደዱ፣ አብነቱ፣ ሚፈታ ማድረጉ ይሰራል። ሁለት ነገር ግን ይለያል። አንደኛ የእንጨት ቀፎ ከውስጥ መተንፈስ አለበት፣ የጎኑ ውስጠኛ ሽፋን ጣውላዎቹ መሃል ክፍተት አላቸው፣ ከላይና ከታችም አየር ይገባል፣ ያ ክፍተት ለውበት አይደለም፣ እንዳትደፍኑት፣ ፎምም እንዳትለጥፉበት። ሁለተኛ፣ ውስጡን ለማድረቅ ብላችሁ ማሞቂያና እርጥበት መጣጭ ማሽን ለሳምንታት እንዳታስነሱ፣ ጣውላዎቹ ከመጠን በላይ ደርቀው ይከፈታሉ፣ ፋይበርግላሱ ላይ ግን እንደልባችሁ።

ሌላ? ወንድሜ፣ ቀጥል።

(ጥያቄው፦ "ሁሉን አጥበን ሽታው አልለቀቀም፣ ምን እናድርግ?")

እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፖንጁን ከቀየራችሁና ቢልጁ ከጸዳ ብዙ ጊዜ የቀረው የመጸዳጃው የጎማ ቱቦ ነው፣ ጎማ እያረጀ ሲሄድ ሽታውን በግድግዳው ያሳልፋል፣ ምንም ባያፈስም። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ንጹህ ጨርቅ በሙቅ ውሃ አርጥባችሁ ጎማው ላይ ጠቅልሉት፣ ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ አሽትቱት፣ ጨርቁ ከሸተተ ጎማው አልቋል፣ ማጠብ አይመልሰውም፣ ቀይሩት። ስትቀይሩ በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሸታ አድርጉ። ጨርቁ ካልሸተተ ደግሞ ወደ ሞተሩ ስር ሂዱ፣ እዛ ያለው ቀለም ያልተቀባ እንጨት ናፍጣ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በሳሙና አይወጣም፣ ወይ ይቆረጣል ወይ ታጥቦ ደርቆ በኢፖክሲ ይታሸጋል፣ ዘይቱ ብዙ ከሆነ ግን ኢፖክሲው ራሱ ስለማይይዝ መቁረጡ ይሻላል።